ለአንድ እግር ይህን ሁሉ ካልሲ

ጥቅምት 8

ለውድ ወንድሜ፣ ለአጎቴ ልጅ

ካለሁበት ርቀት የምልከው ሰላምታ ከነሙቀቱ ይድረስህ። ጤናህን፣ የቤትህን ሰላም፣ የልጅህንም ደህንነት አምላክ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። «ቆሜ እሄዳለሁ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ካሳረፍኩ በኋላ መልሼ አነሳሁት። ይቅር በለኝ፣ ከእንግዲህ ላንተ ምን ብዬ እንደምጽፍ ገና አልለመድኩትም።

ልጅህ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። በስኳሩ ምክንያት እግርህ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ግራ እግርህን ከጉልበት በታች እንደቆረጡህ፣ ከሆስፒታል ከወጣህም በኋላ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ እንደምትውል ሰማሁ። ልትጠይቅህ የመጣችውን ጎረቤት «ሬሳ ይጠየቃል እንዴ?» ብለሃት ተመልሳለች አሉ። ቄሱንም ከበር መልሰሃል። አንተ ሰው፣ ቄስ ከበር ይመለሳል?

መደወል እችል ነበር። ግን እኔና አንተ ስልክ ላይ የምንባባለውን አውቀዋለሁ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን፣ ሁለታችንም ዋሽተን እንዘጋለን። በዚያ ላይ የምትነዳው የነዳጅ ቦቴ ሞተር ጆሮህን ከወሰደው ቆይቷል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሻለናል።

ዋናው ነገር ይኸውልህ፦ ወደ እኔ አገር እንድትመጣ የቪዛ ወረቀት ጀምሬአለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለተኛው ክፍል ከሥራ ይዤው የምመጣው የመጋረጃ ጨርቅ መከመሪያ ሆኗል። እሱን አውጥቼ አልጋ አስገባለሁ። እዚህ አውቶቡሱም መታጠቢያ ቤቱም እንዳንተ ያለው ሰው ታስቦበት የተሠራ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ስትነዳ ኖርክ፣ አሁን ደግሞ ተቀመጥና እኔ ልንዳህ።

እግዚአብሔር አልተወህም፣ ወንድም ዓለም። አንተ ባትጠራው እንኳ እኔ በየማለዳው ስምህን እየጠራሁ እነግረዋለሁ።

ምላሴ ይወጋል ብለህ «መርፌ» ያልካት፣ በኋላም በመርፌ የምትተዳደረው የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለመርፌ

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ከርሟል። ያልመለስኩት ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ ሰላምታው ላይ እየደረስኩ ስለምቆም ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ደህና አይደለሁም፤ አላመሰገንኩምም። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ያቆመኝ መሪው ነበር። ጡረታ ወጥቼም ባለ መኪኖቹ አልለቀቁኝም። መንገድ ላይ ጥሩምባ ስለማበዛ ባወጡልኝ ስም «ጥሩምባ ካልነዳው ይህ ተሳቢ ዳገቱን አይወጣም» ይሉ ነበር። ሌሊት ተነስቼ ሞተሩን ሳሞቅ ለአንድ ነገር የምፈለግ ሰው መሆኔ ይሰማኝ ነበር። አሁን ያለሁት ልጄ ሳሎኗ ውስጥ በዘረጋችልኝ አልጋ ላይ ነው። እሷ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ትዘጋዋለች፣ እንዳልነቃ። ነቅቼ ነው የማድረው። ውሃ በቴርሞስ፣ ምሳ በሳህን ተከድኖ አጠገቤ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እስክትመለስ ድረስ የግድግዳውን ስንጥቅ አያለሁ። ከጣሪያ ተነስቶ፣ መብራት ማጥፊያው ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል።

ደግሞ የወሰደው የቱን እግር ነው? ማርሽ ስቀይር ፍሪሲዮን የሚረግጠውን! ሰው ቢያደርገው «አስቦበት ነው» እል ነበር። ስለ ጸሎትሽ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የምለው የለኝም።

ወረቀቱን ቀጥይበት፣ እመጣለሁ። እዚህም እዚያም ያው መቀመጥ ነው፤ ቢያንስ ያንቺ ግድግዳ አዲስ ይሆንልኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የክራንቼ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ አልቆ ሴራሚኩ ላይ ያንሸራትተኛል። እዚህ የሚሸጠው ወዲያው ያልቃል። ጠንካራ ካገኘሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 10

ለወንድም ዓለም

ሰላምታውን ብትዘለው እኔ ለሁለታችንም ሰላም ብያለሁ። ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለዚያ ለተሰነጠቀው ግድግዳም።

ጎማዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኛቸዋለህ። የሸጠልኝ ሰው «በረዶ ላይ እንኳ አያንሸራትትም» ብሎኛል። ደግሞ የእኔን ግድግዳ ተስፋ አታድርግበት፤ አበባ በአበባ ነው፣ ለማፍጠጥ አይመችም።

ጠሪህ እኔ ስለሆንኩ ለቪዛው ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። «ለምን ይመጣል?» አሉኝ። «ላስታምመው» አልኳቸው። «ሌላ የሚያስታምመው የለም?» ሲሉኝ «አለ፣ ግን እሱ እሺ የሚለው ለእኔ ብቻ ነው» አልኩ። የጠየቀችኝ ሴትዮ ፈገግ ብላ ጻፈችው።

በሥራዬ በኩል አንድ ትልቅ ሆቴል የክፍሎቹን መጋረጃ በሙሉ አዝዞን ቀና ማለት አቅቶናል። ሰሞኑን ትንሽ ደከም ብሎኛል። ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። በኛ ዕድሜ የሚደረግ ምርመራ ነው፣ ምንም አይደለም። ለልጅህ አትንገራት፣ ነገር ታገዝፋለች።

ቄሱ ተመልሰው ከመጡ ግን ሰው አክባሪ ሁን።

መርፌ


የካቲት 21

ይድረስ ለእህት ዓለም

እንዴት ከረምሽልኝ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ይህችን ሰላምታ ለመጻፍ ምን ያህል መንገድ እንደሄድኩ ልንገርሽ፤ ያውም በአንድ እግር።

የላክሽው ጎማ መሬቱን ንክስ ነው የሚያደርገው። እሱን ተማምኜ ቁስሌን ላሳጥብ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ፋሻውን እየጠቀለለች፣

«አባባ፣ እዚህ ወንዶች ክፍል አንድ ዳቦ ጋጋሪ ተኝቷል» አለችኝ። «የዱቄት መኪና ወደ ኋላ ሄዶ እግሩን ጨፍልቆበት ነው የተቆረጠው። እህል አልቀምስ ብሏል። እኛም ሚስቱም ለምነን ለምነን ደከመን። እስቲ ገብተው ያናግሩት።»

«እኔ ምን ብዬ? እኔ ራሴ የሚያናግረኝ ሰው ያስፈልገኛል» አልኳት።

«እኔ ሁለት እግር አለኝ፤ እኔን አይሰማኝም» አለችኝ።

ክራንቼን አንስቼ ገባሁ። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋድሟል። መርፌ፣ የራሴን ጀርባ ያየሁት ያኔ ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት በሩን ስትዘጋ የምታየው ይህንን መሆኑ ገባኝ። ሚስቱ የቀዘቀዘ ሾርባ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የማጽናኛ ቃል ብፈልግ አንድም አልመጣልኝም። ለእኔ የተባሉልኝ ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ አንዳቸውም እንዳልጠቀሙኝም ትዝ አለኝ። በመጨረሻ፣

«የቱ ጋ ነው የሚያሳክክህ?» አልኩት።

ጀርባው ንቅንቅ አለ። «ምኑን?» አለ ሳይዞር።

«የሌለውን እግርህን። እኔን አውራ ጣቴን ነው።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዓይኑ ሰርጉዷል። «አንተንም ያሳክክሃል?» አለኝ። «እኔን ተረከዜን ነው። አብጃለሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አላበድክም። ሐኪሞቹ የነርቭ ነው ይላሉ። እኔ ሲብስብኝ ያለውን አውራ ጣቴን አከዋለሁ። አንዳንዴ ይታለላል።»

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሚስቱ ሾርባውን ልታሞቅ ብድግ ብላ ወጣች። ስትመለስ ጠጣው።

ስወጣ እግሬ ደክሞት ነበር፤ ያለውም የሌለውም። ሆስፒታሉ ግቢ ዳር ትንሽ የጸሎት ቤት አለች፣ ከደጇ አግዳሚ ወንበር አለ። ልቀመጥ ስል ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? ያባረርኳቸው ቄስ! በሽተኞች ሲጠይቁ ውለው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሳርፋሉ።

«አባ፣ ከበር የመለስኩዎ ሰው ነኝ» አልኳቸው።

«አወቅሁህ። ክራንቹን ትወረውርብኛለህ ብዬ ነው በፍጥነት የሄድኩት» አሉኝ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከዚያ ለወራት ሆዴ ውስጥ ያለውን ጥያቄ አወጣሁት። «ለምን ወሰደብኝ? ምን አደረግሁት?»

«አላውቅም» አሉኝ። ሰበብ ይደረድራሉ ብዬ ስጠብቅ «አላውቅም» አሉኝ፣ መርፌ። እግራቸውን እያሹ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እኔ የማውቀው ጌታችን ከሙታን ሲነሣ የማይሞት ሥጋ ይዞ መነሣቱን ነው። የምስማሩን ቀዳዳ ግን አልደፈነውም። መድፈን አቅቶት ነው? ወዳጁ ሲጠራጠር ያሳየው ያንኑ ቁስል ነው። እኔ በሽተኛ ስጠይቅ ይህችን ይዤ ነው የምገባው፤ ሌላ ብዙም አላውቅ።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። መንበርከክ ስለማልችል ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ተቆጥቼሃለሁ» አልኩት። «አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ግን ነገ ለዚያ ዳቦ ጋጋሪ ምን ልበለው?» ጸሎቴ ይኸው ነበር። በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያም በማግስቱ። ልጄ «የት ልትሄድ ነው?» ስትለኝ «ሥራ» እላታለሁ።

ሰው ሠራሽ እግር ተለክቶልኛል። ጉቶው ላይ የሚጠለቅ፣ ስፌት የሌለው፣ ላብ የሚመጥ የጥጥ ካልሲ ላኪልኝ። በርከት አድርጊው።

ጥሩምባ ወንድምሽ


ሚያዝያ 15

ለውድ ወንድሜ

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ካልሲዎቹን ልኬአለሁ። ግን እስቲ ንገረኝ፣ ለአንድ እግር ይህን ሁሉ ካልሲ ምን ያደርግልሃል? መጀመሪያ በርከት አድርጊው አልክ። ቀጥሎ በልጅህ በኩል «ትንሽም ትልቅም ይሁን» አልክ። ጉቶህ አንዳንዴ ይከሳል፣ አንዳንዴ ይወፍራል እንዴ?

ቪዛህ ተፈቅዷል። ጥሪው በቅርብ ይደርስሃል። አሁን ወደ እኔ ለመምጣት አትቸኩል፤ ክፍሉን ገና አላዘጋጀሁትም።

በጸሎትህ አስበኝ።

መርፌ


ግንቦት 6

ለእህት ዓለም

እንደምን አለሽ? የምንጠራው ጌታ ካለሽበት ቤት ይግባ።

የካልሲውን ምሥጢር ላውጣልሽ። ከዳቦ ጋጋሪው በኋላ ነርሷ አንድ አናጢ ሰጠችኝ፣ ከዚያ አንዲት ከደረጃ የወደቁ እናት። አሁን በሳምንት ለተወሰነ ቀን የሰውነት ማጠንከሪያው ክፍል ውስጥ ነኝ። ሁለት የብረት ዘንጎች ግራና ቀኝ ተተክለዋል፤ በመካከላቸው ነው አዲስ እግር የሚለመደው። ባለሙያዋ ታስተምራቸዋለች፣ እኔ ከፊት ለፊት ቆሜ ወደ ኋላ እየሄድኩ እጠራቸዋለሁ። «ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ ያዝ!» ተሳቢ ሳስቆም ከረዳቴ የምሰማውን ነው የምላቸው። ካልሲ ለሌለው ካልሲ እሰጣለሁ። ትንሹም ትልቁም ለዚህ ነው።

ሁሌ ግን አይሳካም። አንድ ግንበኛ ነበር። ገና ስገባ ኩባያ ወረወረብኝ። «እግዚአብሔርህንም ክራንችህንም ይዘህ ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ አልወረወረም፣ አላናገረኝምም። እንዲሁ እየተቀመጥኩ ስመለስ ከረምኩ። አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቁስሉ ወደ ደሙ ገብቶ ነው አሉኝ። የጸሎት ቤቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ «ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ነበር?» ስል የግንበኛው ሴት ልጅ ዕቃውን ሰብስባ ስትወጣ አየችኝ። «ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «አባቴ ጠዋት ጠዋት ‹ያ ሾፌር መጣ?› እያለ በሩን ያይ ነበር።» ሌላ አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልፈለግሁም።

ስለዚህ አልመጣም፣ መርፌ። አትቀየሚኝ። ደክመሽልኝ ቪዛው እጄ ገብቷል። ነገር ግን በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት ተነስቼ የምጠበቅበት ቦታ አገኘሁ። ዳገት የለውም፣ ግን ከነዳሁባቸው መንገዶች ሁሉ ይከብዳል። ጡረታ አስወጥቶኝ የነበረው ጌታ መልሶ የቀጠረኝ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ፊደሉ ሁሉ ወደ ጎን ተጋድሟል። አንቺ ፊደልሽ እንደ ስፌትሽ ቀጥ ያለ ሰው ነሽ። ደግሞ መቼ ነው አንቺ «በጸሎትህ አስበኝ» ያልሽኝ? ከልጅነታችን ጀምሮ የምታስቢን አንቺ ነሽ። «አትቸኩል» ማለትሽም አልጣመኝም። ምን ደበቅሽኝ?

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ለወንድሜ

ሰላም ላንተ ይሁን።

ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳልቀደው እንዲሁ ልላከው።

ያ «ምንም አይደለም» ያልኩህ ምርመራ ጡቴ ላይ ዕጢ አገኘ። ክፉው ዓይነት ነው። አንተ የዳቦ ጋጋሪውን ታሪክ የጻፍክልኝ ሰሞን እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። ቀኝ ጡቴን ሙሉ ለሙሉ አንስተውታል። ከብብቴም ስለቆረጡ ክንዴ ያብጣል። ፊደሌ የተጋደመው ክንዴን ትራስ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

አሁን በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ፀጉሬ አልቋል። መሥሪያ ቤት «የጀርባ ሕመም ነው» ብያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ያሉት እህቶች «የት ጠፋሽ?» ሲሉኝ ጉንፋን ነው እላለሁ። ለጸሎት ወደ ቤቴ እንዳይመጡ የበሩን ደወል አለያይቼዋለሁ። መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ሰቅዬ ሸፍኜዋለሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። ላንተ «እግዚአብሔር አልተወህም» ብዬ ስጽፍ ምን ያህል ቀላል ነበር! አሁን ጠዋት ስነሳ ከንፈሬ አይከፈትም። እኔ፣ ሰው ሁሉ «ጸልዪልኝ» እያለ የሚመጣብኝ ሴት፣ «አባታችን» ብዬ ጀምሬ ቀጥሎ ያለው ይጠፋኛል። ይህን ለማን እነግራለሁ? ላንተ ነገርኩህ።

አትምጣ። ያንተ ሰዎች እዚያ ናቸው። የጠየቅኸኝ እውነቱን ነበር፣ ይኸው።

መርፌ


ሐምሌ 22

ለእህቴ

የአባታችንን ቀሪ እኔ ልቀጥልልሽ፤ እዚህ ቆሜ እያልኩልሽ ነው።

ያ ቪዛ አለ አይደል? ላስታምመው ብለሽ ያወጣሽው? ወረቀቱ ማን ማንን እንደሚያስታምም አይጽፍም፤ ሁለቴ አስነብቤዋለሁ። በነሐሴ መጀመሪያ እደርሳለሁ። «አትምጣ» ያልሽውን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን እንደሆነ የቦቴው ሞተር ወስዶታል።

የወንዶች ክፍሉን ለዳቦ ጋጋሪው አስረክቤአለሁ። በአዲስ እግሩ እየዞረ ማርሽ እንዳልለመደ ሾፌር ይንገጫገጫል፣ ግን ይሄዳል። ነርሷ «ሄደው ይቅሩ ደግሞ» ብላ አስፈራርታኛለች።

የበሩን ደወል መልሰሽ አገናኚው። በአንድ እግር በር ላይ መቆም አልወድም።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ለወንድም ዓለም

በሰላም ገብተህ ከልጅህ ጋር መገናኘትህን ስለሰማሁ የሁላችን አባት ስሙ ይመስገን። ይህንን ያልኩት ከልቤ ነው፤ ከንፈሬ ተከፍቷል።

ከሄድክ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ወጥ ቤት ስገባ አሁንም ያሳረርከው ድስት አለ። አልጣልኩትም። ከአየር ማረፊያው ጠባቂ ጋር ያደረግኸውን ለሁሉም እነግራለሁ። መሣሪያው ሲጮህብህ ቁጭ ብለህ እግርህን አውልቀህ ሰጥተኸው «ፈትሸው፣ የተደበቀ ነገር ካገኘህ እኩል እንካፈላለን» አልከው፤ ያውም ባንተ ቋንቋ! ሰውየው ምን እንደሰማ እንጃ፣ እስከ በሩ ድረስ ደግፎህ ወጣ።

መድኃኒቱን በምወስድበት ክፍል አጠገቤ ተቀምጠህ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስትጸልይልኝ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንጂ ተኝቼ አልነበረም። ለእግዚአብሔር እንደ መካኒክ ነው የምታወራው። «ይህንን አየህ? ይህም ላልቷል፣ እባክህ» ትለዋለህ። እኔ ስንት ዘመን አሳምሬ ስጸልይ ኖርኩ፤ አንተን ስሰማ ግን ማሳመሩን ትቼ እውነቱን ልነግረው ጀመርኩ። «ፈርቻለሁ» አልኩት። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ቃል ይህ ነው።

ያንን ጠዋት ግን ለብቻው ልጻፈው፣ እንዳይረሳኝ። ወጥ ቤት ውስጥ በሳፋ ውሃ ይዘህ ጉቶህን ስታጥብ ደረስኩብህ። ልመለስ ስል «ነይ፣ እይው» አልከኝ። አየሁት።

«አስቀያሚ ነው፣ አይደል?» አልከኝ።

አንተን አልዋሽም ብዬ «አስቀያሚ ነው» አልኩህ።

«አዎ። ግን የእኔ ነው። በእሱ ነው ሰው የሚያምነኝ» አልከኝና ፎጣውን አንስተህ ማድረቅህን ቀጠልክ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። መስታወቱ ላይ የሰቀልኩትን ጨርቅ አወረድኩትና አየሁ። ስፌቱን አየሁት። የሙያዬ ስለሆነ «ማን ሰፋው? ጥሩ አድርጎ ሰፍቶታል» አልኩ። ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የማለቅሰውን ሁሉ አለቀስኩ። ስወጣ ሻይ ቀድተህ ነበር፤ ምንም አልጠየቅኸኝም። ለዚህ አመሰግንሃለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ለእህቶቹ ነግሬአቸዋለሁ። ተቆጡኝ፣ አቀፉኝ፣ ደግሞ ተቆጡኝ። ሐኪሙ ያለፈው ምርመራ ጥሩ ነው ብሎኛል። «ድነሻል» አላለኝም፤ ገና ክትትል አለ። ይሁን። እኔም የነገውን በዛሬ ጉልበቴ መሸከም ትቻለሁ።

የእኔ መድኃኒት አልቋል፣ ወደዚያ ክፍል ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ጡረተኛ ሴት አዲስ ከሚገቡት ጋር እንድንቀመጥ ለመነችኝ። ከለስላሳ ጨርቅ ፀጉር ለሌለው ራስ የሚሆን ቆብ እሰፋለሁ። ክንዴ ቶሎ ስለሚዝል ጥቂት ጥቂት ነው። ለአንዷ ሳደርግላት «አንቺም ነበርሽ?» አለችኝ። «ነበርኩ» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እህትህ መርፌ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለእህት ዓለም

ማክሰኞሽን የባረከ ጌታ ሌላውንም ቀን ይባርክልሽ። ደብዳቤሽን ለቄሱ አነበብኩላቸው። «ጥሩ አድርጎ ሰፍቶታል» ያልሽው ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

እኔ ተመልሼ ሥራዬ ላይ ነኝ። የዚህን ሳምንት ወሬ ሰምተሽ ትስቂያለሽ። ነርሷ «አንድ ኃይለኛ ሰውዬ ገብተዋል፣ ማንንም አያስጠጉም» አለችኝ። ስገባ ማን ይሁን? ያ ወደ ዳገቱ መግቢያ ላይ ይቆም የነበረው ትራፊክ ፖሊስ! ጡረታ ወጥቶ፣ ፂሙ ነጥቶ፣ እንደ እኔው በስኳር ቀኝ እግሩን አጥቶ ተኝቷል። በዚያ መንገድ ስንመላለስ ስንት ጊዜ ከስሶኛል መሰለሽ።

ትክ ብሎ አየኝና «አንተ ያ ጥሩምባ የምትነፋው አይደለህም?» አለኝ።

«ነኝ።»

«እዚህም መጣህብኝ?»

«ዛሬ ፍጥነቴን ቀንሻለሁ» አልኩት። ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን አሳየሁት።

ድምፁ ወረደ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ነው የኖርኩት» አለኝ። «ሥራዬ መቆም ነበር። ፀሐይና ዝናብ ሳልል መሃል መንገድ ቆሜ ሰው አሳለፍኩ። ለዚህ ነው እግሬን የሚወስደው? ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ አሉኝ፣ እስቲ መልስልኝ።»

ቄሱ ለእኔ ያሉኝን ነው ያልኩት። «አላውቅም» አልኩት። «እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱን አልሰጠኝም፤ ሰው ግን ሰጠኝ። ዛሬ ደግሞ አንተን ሰጥቶኛል መሰለኝ፤ ምርጫው የእኔ ቢሆን ሌላ እጠይቅ ነበር።»

የፂሙ ጫፍ ተነቃነቀ። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ከዚያ «እስቲ ጸልይልኝ» አለኝ፣ በትእዛዝ ድምፅ። ጸለይኩ። እንደ መካኒክ ነው መሰለኝ፣ አንቺ እንዳልሽው።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ በክራንች አስነሣነው። ረጅም ነው፤ ሲቆም ክፍሉ ጠበበ። ባለሙያዋ ከኋላው፣ እኔ ከፊቱ ሆነን ኮሪደሩ ላይ አወጣነው። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ የምግብ ጋሪ ይመጣል፣ አስታማሚ ይመላለሳል። መሃል ላይ ሲደርስ ቆም አለ። የደከመው መስሎኝ ወንበር ልስብ ስል በግራ ብብቱ ክራንቹን አጥብቆ ያዘና ቀኝ እጁን ቀና አድርጎ ዘረጋ፣ እንደ ድሮው፣ መዳፉን ገልጦ። ጋሪ የምትገፋው ልጅ ቀጥ አለች። አስታማሚዎቹም ቆሙ። እውነቴን ነው፣ ኮሪደሩ በሙሉ ቆመለት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እለፍ» አለኝ።

አለፍኩ፣ መርፌ። እሱም ተከተለኝ።

ወንድምሽ